ቤት አመታት

መምህር ነኝ፤ የአማርኛ፤ ዘንድሮ ሃያ ሁለት ዓመቴ፤
በጠመኔ ብናኝ ነጥቷል ያለኝ አንዱ ኮቴ።
«ቤት ይምታ!» እላለሁ፣ ሰሌዳው ሥር ቆሜ፣
እኔው ቤት ሳልመታ እስከዚህ ዕድሜ።

ሰፈራችን ፈርሶ ከዶሮ ማነቂያ ስንለቅ፣
ጎላ ተከራየን፣ ከእትዬ ጥሩወርቅ፤
ኪራይ ሲጨምሩም በምርቃት ነው፣ በሳቅ።
ሚስቴ አስካለ አንድ ማታ፣ ሽንኩርት እየላጠች፣
«የቤት ብድር አለ አሉ፤ ለምን አንጠይቅም?» አለች።

ሰንጋተራ ወረድኩ። ፎቁ መስታወት ነው፤
ደመና ያሳያል፤ ውስጡን ማን አየው?
ጥበቃው ሳይፈትሸኝ፣ ደረጃው ሥር ቆሞ፣
አንድ ሰው ሰላም አለኝ፣ እጁን ዘርግቶ ቀድሞ።
«ምንተስኖት እባላለሁ።» ስም ነው? ወይስ ጥያቄ?
ሻይ ጋበዘኝ፤ ጠጣሁ፤ ሒሳቡን ከፈልኩ ስቄ።

«መምህር፣ ባንክ እንዲህ ነው፤ ላለው ነው የሚሰጥ፤
ያንተ ደመወዝ በረዶ ናት፣ በር ላይ የምትቀልጥ።
ውስጥ ሰው አለኝ እኔ፤ ወንድሜ ነው ማለት፤
ፋይልህ ከላይ ይሆናል በአንዲት ቀጭን ስልት።
ወለዱ? አትፍራው፣ መካን ነው፣ አይወልድም ከቶ፤
ገማቹም የኛው ነው፣ ያበዛልሃል ገምቶ።
አሁን አርባ ሺህ ብቻ፣ ለመንገድ፣ ለማለስለሻ፤
የቀረው ሁለት በመቶ፣ ቁልፍ ስትይዝ፣ መጨረሻ።»

አርባ ሺው የዕቁብ ነው፤ ዕጣው ለአስካለ ወጥቶላት፣
ጥርስ ልታስተክል ነበር፣ ፊት ለፊት የጎደላት።
ቆጥሮ ተቀበለኝ፣ ጣቱን ምራቅ እያስነካ፤
«እዚህ ጋ ፈርም» አለኝ፤ ወረቀቱ ባዶ ነው ለካ።
«ኋላ እሞላዋለሁ፤ አትጨነቅ፣ መምህር።»
ባዶ ላስረከበ ልጅ ዜሮ እሰጥ ነበር።
ፈረምኩ።

ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌ። ስልኩ መጀመሪያ «መንገድ ላይ ነኝ»፣
ቀጥሎ «ስብሰባ ላይ»፣ ቀጥሎ ዝም አለኝ።
አስካለ መጋረጃ ትለካለች፣ በክንዷ፣ ለሌለ መስኮት፤
«ሦስት ክንድ ይበቃል?» ትለኛለች፣ መብራት በጠፋበት።

በነሐሴ ዝናብ፣ ጃንጥላዬ ተሰብሮ፣
ራሴ ባንክ ገባሁ፣ ጫማዬ ጭቃ ቋጥሮ።
ረድኤት ትባላለች፣ ባጇ ላይ እንዳየሁት፤
ፋይሌን መዘዘችው፤ ወፍሯል፤ እኔ አልቀለብኩት።
ደብዳቤ አለ በውስጡ፣ ማኅተም ያረፈበት፣
«የሽያጭ ሥራ ዐስኪያጅ» ይለኛል፣ በማላውቀው ድርጅት።
ወርኃዊ ደመወዜ ስልሳ ሁለት ሺህ ብር፤
ማመልከቻው ግርጌ ፊርማው የኔው ነበር።
«አስኪያጅ»ን በዓይኑ «ዐ» ነው የጻፈው፤ እጄ ለምዶ፣
ቀይ እስክሪፕቶ ፈለገ፣ ኪሴ ውስጥ ወርዶ።

ረድኤት ቀና አለች፦ «እርስዎ ነዎት ይሄ ሰው?»
መጋረጃው ታየኝ፣ ነፋስ የሚያውለበልበው።
«አዎ» ሁለት ፊደል ናት፤ ምላሴ ላይ ተቀምጣ፣
ከንፈሬ ድረስ መጣች፤ እዚያው ቀረች፣ ሳትወጣ።
«አይደለሁም» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ፤
ልጅቷ ፋይሉን ዘጋች፣ ቀስ ብላ፣ እያየችኝ፦
«በዚህ ወር አራተኛ ነዎት፤ ማኅተሙ ያው ነው ሁሌ።
ሦስቱ ግን አዎ ብለዋል።» ዝም አለች። ዝም አለ ፋይሌ።

አስካለ ስነግራት አልጮኸችም፤ ሳቀች፣
በእጇ አፏን ሸፍና፣ ጥርሷን እየደበቀች።

መስከረም ላይ አየሁት፣ ስታዲየም ማዶ፣ ካፌ በረንዳ ላይ፣
አንዲት ነርስ ጋብዞ፦ አንድ ማኪያቶ፣ አንድ ሻይ።
ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ዓይኑ ብቻ ነው የሸሸው።
«መምህር! ቤቱስ?» አለ፣ ፈገግታውን ሳያጥፈው።
ቀዩን እስክሪፕቶ አወጣሁ፤ ከፊቷ ባለው ባዶ ወረቀት፣
ትልቅ ዜሮ ጻፍኩ፤ ከሥሩም አሰመርኩበት።
ነርሷ ቦርሳዋን አነሳች።
የሻዩን ማን እንደከፈለ አላውቅም።